ብረትን ዝም የሚያሰኝ ማሽን

ሮማነወርቅ ሌባ የተባለችው ዕንቁጣጣሽ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ቃሉን ግን በቀጥታ ያላት ሰው የለም። ጣልያኖች ሲያዋርዱሽ ጨዋነታቸው ልዩ ነው። «አሎራ፣ ሮማና» አለቻት ሞኒካ፣ «የእማማ ቀለበት እስከ እሑድ ካልተገኘ፣ ግዴታዬ ስለሆነ ብቻ፣ ዴኑንቺያ አደርጋለሁ።» ፖሊስ ዘንድ እከስሻለሁ ማለቷ ነው። ይህን ስትላት ፈገግ ብላ ነበር አሉ።

ሮማነወርቅ የቤት ተጋሪዬ ናት። ሮም፣ ቶር ፒኛታራ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እኔ ልብስ ማጠቢያ ቤት እሠራለሁ፤ እሷ ደግሞ የሞኒካን እናት፣ ሲኞራ ብሩናን ትጦራለች። ሲኞራ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አጥባቸዋለች፣ አብልታቸዋለች፣ ጥፍራቸውን ቆርጣላቸዋለች። ሙሉ ስሟ ለሞኒካ ምላስ ስለከበደ «ሮማና» ሆና ቀርታለች። ሰኞ ዕለት ኦስቲያ ወስዳቸው፣ ክንዳቸውን ደግፋ፣ ባሕሩ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው አቆመቻቸው። ለእግራቸው ሐኪም ያዘዘው ነው። ማታ ሞኒካ ስትመጣ የእናቷ ጣት ባዶ ሆኖ አገኘችውና እናቷ ላይ ጮኸች። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣት ይሟሽሻል፣ ቀለበት ይሾልካል፤ ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ሞኒካ ግን ተምራለች።

ሲኞራ ሲጠየቁ ዝም አሉ። ያን ሳምንት በሙሉ ምግብም እንቢ፣ ወሬም እንቢ ብለው ግድግዳ ግድግዳ ሲያዩ ሰነበቱ። እርጅና ነው አልን።

ክሱ ከገባ ሥራው ይሄዳል። ኮንትራት ከሌለ ደግሞ በኅዳር የሚታደሰው የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ፔርሜሶዋ፣ አይታደስም። እሷን ያስለቀሳት ግን ይህ አልነበረም። «አምለሰት፣ እኔ ከሰው ቤት መርፌ አንስቼ አላውቅም» አለችኝ፤ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የኔ ግን ከነሕይወቴ ሊቀበር ነው።» እኔም ልቤ ቢነድ ጊዜ ነገሩን ለአንድ ሰው አወራሁ። ስህተቴ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ቶር ፒኛታራ ውስጥ ሁሉን የሚያውቅ ወንድ ማግኘት ቀላል ነው፤ ችግርሽን አንዴ ጮክ ብለሽ መናገር ብቻ ነው። በማግስቱ ሁለት ወንዶች የምሠራበት ቤት በር ላይ ተገተሩ። አንዱ ጥበቡ ነው። ጥበቡ አገር ቤት ሳለ ሻኪሶ ወርቅ ቁፋሮ ላይ ሁለት ወር ቆይቷል፤ ያቺ ሁለት ወር ሮም ከመጣ ወዲህ እያደገች አሁን ስድስት ዓመት ደርሳለች። ሁለተኛው ጋሽ ከፍያለው፣ የእድራችን ሊቀመንበር፣ አርባ ዓመት ሮም የኖሩ፣ ጣልያንኛ ከጣልያን በላይ እናውቃለን የሚሉ ናቸው።

«ይሄ የወርቅ ማሽን ነው የሚፈልገው» አለ ጥበቡ። «በአንድ ሰዓት ነው የማወጣው።»

«ማሽኑን በጥንቃቄ መምረጥ ነው» አሉ ጋሽ ከፍያለው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።»

ሜታል ዲቴክተር የሚከራይበት ሱቅ ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ አጠገብ አለ። ባለቤቱ ራፋኤሌ የዓሣ መንጠቆም አብሮ ይሸጣል። ረቡዕ አራታችንም ሄድን። ራፋኤሌ ሁለት ጥያቄ ነበረው፤ የጠፋው ምንድን ነው፣ የት ነው የጠፋው። «ቀለበት፣ ኦስቲያ፣ ባሕር ውስጥ» አልነው። «ወርቅ ነው?» አለ። ጥበቡና ጋሽ ከፍያለው አንድ ላይ «ወርቅ ነዋ!» ብለው መለሱ።

ሮማነወርቅ ከኋላችን ሆና «እኔ እንጃ፣ ጠቆር ያለ ነገር ነው» አለች።

«ነጭ ወርቅ ነው» አለ ጥበቡ ዞር እንኳ ሳይል። «ነጭ ወርቅ ሲያረጅ ይጠቁራል።»

ቀለበቱን ስድስት ዓመት በሳሙና ያጠበችው እሷ ናት፤ አይቶት የማያውቀው ደግሞ ጥበቡ ነው። አመንነው። ወንዶቹን ብቻ አልወቅስም፤ «አንድ ጣልያን ሴት ይህን ያህል የምታብድለት ቀለበት ብረት ሊሆን ነው እንዴ?» ብዬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ራፋኤሌ ሦስት ማሽን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረ። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፤ ለደረቅ መሬት ጥሩ ነው፣ እርጥብ የባሕር አሸዋ ላይ ግን ጨው ራሱ ብረት እየመሰለው ያለማቋረጥ ይጮሃል። ሁለተኛው በብዙ ሞገድ በአንድ ጊዜ ስለሚሠራ ጨዉን ይችለዋል። መስታወቱ ላይ ቁጥር ያሳያል፣ የሰማው ነገር ምን እንደሆነ ይገምታል፤ ደግሞም አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ብረትን ዝም ያሰኛል፤ ሚስማር ላይ ቢያልፍ እንኳ ትንፍሽ አይልም። ሦስተኛው መስታወት የለውም፣ ቁጥር የለውም፣ መልክም የለውም። የማገዶ ሸክም ያህል ይከብዳል። ለባሕር የተሠራ ነው፤ ጨውም ጥቁር አሸዋም አይረብሸውም፣ ግን ወርቅ ይሁን ቆርኪ ሳይለይ ለሁሉም እኩል ይጮሃል።

«እኔ ብሆን ይህን ነው የምወስደው» አለ ራፋኤሌ ሦስተኛውን እየነካ። «የኦስቲያ አሸዋ ጥቁር ነው፣ ብረት አለበት። በዚህኛው የጮኸውን ሁሉ መቆፈር ነው፤ ያደክማል፣ ግን አያሳልፍም።»

ጋሽ ከፍያለው ሳቁ። «ወርቅና ሚስማር የማይለይ ዳኛ ልንቀጥር ነው እንዴ የመጣነው?» አሉ በአማርኛ። ጥበቡም «ይሄ ለማያውቅ ሰው የተሠራ ነው» ብሎ ሁለተኛውን በሁለት እጁ ታቀፈ።

እንደ ወጉ ሳይፈተን አይኬድም ተባለ። በጠራራ ፀሐይ ወደ ሰፈራችን መናፈሻ ወረድን። ጥበቡ የኔን የወርቅ ጉትቻና የሮማነወርቅን የአንገት መስቀል ለፈተና ጠየቀ፤ የራሱን ሰዓት ግን ውሃ እንዳይነካው ብሎ ኪሱ ከተተ፤ መናፈሻው ውስጥ ውሃ የለም። ወርቃችንን አንድ ቦታ፣ ሦስት ሚስማር ሌላ ቦታ ቀበረ። ከዚያ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ ይመላለስ ጀመር። ሚስማሩ ላይ ሲያልፍ ማሽኑ ዝም፣ ጉትቻዬ ላይ ሲደርስ ቲን አለ። ውሻቸውን የሚያንሸራሽሩ አንዲት ሴትዮ አጨበጨቡለት። እውነቱን ለመናገር ማሽኑ ባይኖር ጉትቻዬ እዚያው ይቀር ነበር፤ ጥበቡ የቀበረበትን ዛፍ ረስቶታል። ጋሽ ከፍያለው ግን «ተፈትኖ አልፏል» ብለው አወጁ።

ሐሙስ ጠዋት ኦስቲያ ደረስን። ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር። ሮማነወርቅ ልክ የቆሙበትን ቦታ አሳየች፤ ከሁለተኛው የድንጋይ ክምር በስተግራ፣ ውሃው ጉልበት የሚደርስበት። ጥበቡ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ። ብረት የሚያሰማውን ድምፅ በአዋጅ ዘግቶታል፤ «ቆሻሻ አልሰማም» ነው ያለው። እስከ ቀትር ድረስ ምን አወጣ? የጣሳ ክዳን ቀለበት ሠላሳ ያህል፣ ጥቂት ሳንቲም፣ የሕፃን የጆሮ ጌጥ፣ የብር ማንኪያ የሚመስል የአልሙኒየም ማንኪያ። ማሽኑ የጣሳን ክዳን ሁሉ ወርቅ ነው ብሎ ነገረው፤ እሱም አምኖ ቆፈረ። ያሳየችውን ቦታ ግን ሦስት ጊዜ አለፈበት፣ ሦስት ጊዜም ዝም አለ።

ከውሃው ወጥቶ ማዳመጫውን አወለቀ። «እዚህ የለም። ማሽኑ አይዋሽም» አለ። ቀጥሎ ያደረገውን ግን እስካሁን ይቅር አላልኩትም። ሮማነወርቅን አየት አደረጋትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እርግጠኛ ነሽ ግን… ባሕር ውስጥ ነው የወደቀው?» አላት።

እሷ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች።

ባቡር ውስጥ ደግሞ ጋሽ ከፍያለው አጠገቧ ሄደው ተቀመጡ። «ልጄ፣ ሰው ነን፣ እንሳሳታለን» አሏት እንደ አባት። «የሆነ ነገር ካለ ለኛ ንገሪን። ሴትዮዋን እናናግራለን። በሽምግልና ያልቃል፣ ማንም አይሰማም።»

«ጋሼ፣ እርስዎም?» ብቻ ነበር ያለችው። ሞኒካ ብትጠረጥራት አንድ ነገር ነው፤ የሞኒካ ፊት በሩን ዘግተሽ ስትወጪ ይቀራል። የራስሽ ሰው ግን አብሮሽ ባቡር ይሳፈራል። እኔም ጉድ ነኝ፤ ማታ ተኝቼ ለአንዲት ደቂቃ፣ ለአንዲት ብቻ፣ «ወስዳው ቢሆንስ?» ብዬ አሰብኩ። ባለ ቁጥር ማሽን ዝም ሲል ሰው ያሳስታል። አሁንም ሳስታውሰው እናደዳለሁ፣ በራሴ።

ዓርብ ሮማነወርቅ ከሥራ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ሞኒካ የክሱን ጽሑፍ አዘጋጅታ፣ «አንብቢው፣ ግልጽ እንድንሆን» ብላ ግልባጭ ሰጥታታለች። አየሽ ጨዋነት! የሮማነወርቅ ጣልያንኛ ለወሬ እንጂ ለጽሑፍ ስለማይሆን እኔ ማንበብ ጀመርኩ። ቀን፣ ስም፣ አድራሻ። ከዚያ «የጠፋው ንብረት» ይላል፤ «የጋብቻ ቀለበት፣ ከብረት የተሠራ። የገበያ ዋጋ የለውም። ለቤተሰቡ ያለው ስሜታዊ ዋጋ ከፍተኛ ነው።»

መልሼ አነበብኩት። ብረት ነው የሚለው። ሞኒካ ሮማነወርቅን ለብረት ብላ ልትከሳት ነው። እኛ ደግሞ ብረት እንዳይሰማ ማሽኑን ዘግተን ባሕሩን ስናስስ ውለናል።

«ነግሬያችሁ ነበር፣ ጠቆር ያለ ነው ብያችሁ ነበር» አለች ሮማነወርቅ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ሁለታችን ብቻ ራፋኤሌ ዘንድ ሄደን ማሽኑን ቀየርን። ያንን መልከ ጥፉውን ሰጠን። ቁልፉ አንድ ነው፤ ማብሪያና ማጥፊያ። «ሁሉን ቆፍሩ» አለን። ኦስቲያ ስንደርስ ጋሽ ከፍያለውና ጥበቡ ጣቢያው በር ላይ ቆመው ነበር። ስልክ ደውዬ ጥበቡን የሰደብኩት ስድብ ለካ ሠርቷል። ጋሽ ከፍያለው አካፋ ይዘዋል። ጫማቸውን አውልቀው «ልጄ፣ መቆፈሩን እኔ እቆፍራለሁ» አሉ፤ ሮማነወርቅም «ይቆፍሩ ጋሼ» ብላ ማሽኑን ራሷ ያዘች። ማንም አልተከራከራትም።

ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ ጮኸ። ሚስማር፣ ቆርኪ፣ የድንኳን ካስማ፣ ሹካ፣ የዛገ መቆለፊያ። በየጩኸቱ ጋሽ ከፍያለው ጎንበስ፣ ጥበቡ ጎንበስ። ጥበቡ በወንፊት እያጠበ «የሻኪሶ አፈር እንዲህ አይደለም» ይል ነበር፤ እኔም «ሻኪሶ ባሕር የለውማ፣ አንተ!» አልኩት። ከሁለተኛው የድንጋይ ክምር በስተግራ፣ ሐሙስ ሦስት ጊዜ የታለፈበት ቦታ ላይ፣ እንደገና ጮኸ። ወንፊቱ ውስጥ ጠጠሩ ሲፈስ ቀጭን፣ ጥቁር ቀለበት ቀረ።

ሮማነወርቅ ውሃው ውስጥ ተንበረከከች። እልል ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ከፍያለው እጃቸውን አነሱ። መነጽራቸውን አድርገው የቀለበቱን ውስጥ ያነቡ ነበር። ፊታቸው ልውጥ አለ።

«ኦሮ አላ ፓትሪያ ይላል» አሉ። «ወርቅ ለአገር። ኖቬምበር አሥራ ስምንት።»

«ምን ማለት ነው?» አለ ጥበቡ።

«በሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት እኛን ሲወጉ፣ ሴቶቻቸው የጋብቻ ወርቃቸውን ለጦርነቱ ሰጡ። በምትኩ ይህ ብረት ተሰጣቸው።» ቀለበቱን በመዳፋቸው መዘኑት። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኼ ነው።»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። መጀመሪያ የነቃው ጥበቡ ነው። «ወርውሩት!» አለ። «ጋሼ ይወርውሩት! የኛን አያቶች በጋዝ የፈጁበትን ነገር አጥበን፣ ጠርገን ልንመልስላቸው? ባሕር ይብላው!» አነጋገሩ ያምር ነበር። ጋሽ ከፍያለውም ክንዳቸው ወደ ኋላ ሳብ ሲል አየሁት።

ሮማነወርቅ ከተንበረከከችበት ተነሥታ እጃቸውን ያዘች። «ጋሼ፣ ይስጡኝ።»

«ልጄ፣ ይህ እኮ…»

«ሰምቻለሁ። አያቶቼን እኔም አውቃቸዋለሁ። ይህ ባሕር ከገባ እናንተ ጀግና ሆናችሁ ቤታችሁ ትገባላችሁ፣ እኔ ሌባ ሆኜ እቀራለሁ። ሐሙስ ያያችሁኝን ዓይን አልረሳሁትም። ይስጡኝ።»

ሰጧት። በዚያ ቀን የሠሩት ትልቁ ነገር እሱ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔን ምስክር አድርጋ ወሰደችኝ። ሲኞራ ብሩና መስኮቱ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሞኒካ ቀለበቱን በሁለት ጣቷ ይዛ አገላበጠችው። «ብራቫ፣ ሮማና! አየሽ፣ ሲፈለግ ይገኛል» አለች። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ጠበቅኩ። አልመጣችም።

«የክሱ ወረቀትስ?» አለች ሮማነወርቅ።

«ቫ ቤኔ፣ እቀደዋለሁ። አለቀ።»

«አላለቀም፣ ሲኞራ ሞኒካ። ስሜን በወረቀት ነው ያጠፉት፣ በወረቀት ይመልሱልኝ። ቀለበቱ ባሕር ውስጥ እንደተገኘ፣ ያገኘሁትም እኔ እንደሆንኩ ይጻፉ። ሙሉ ስሜን።» ፔርሜሶዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ከፊቷ ዘረጋችላት፣ ስሙን ትገለብጠው ዘንድ። «ቀለበቱ ምን እንደሆነም ይጻፉ።»

ሞኒካ ልጅ እንደሚያባብል ሰው እየሳቀች እስክሪብቶ አነሳች። «የአያቴ ነው። ለሆነ ጦርነት ወርቋን ሰጥታ ያገኘችው።»

«ለየትኛው ጦርነት?»

«የድሮ ነገር ነው እባክሽ። አፍሪካ ውስጥ ይመስለኛል።»

«አፍሪካ ሰፊ ነው። ኢትዮጵያ ብለው ይጻፉ።»

ሞኒካ ቀና አለች። «ኢትዮጵያ? አንቺ የኤርትራ አይደለሽም እንዴ?»

ስድስት ዓመት! ፔርሜሶዋ በታደሰ ቁጥር ፎቶ ኮፒ አድርጋ መሳቢያ ውስጥ የምታስቀምጠው ራሷ ሞኒካ ናት። አሁን እንኳ ከፊቷ ተዘርግቷል። አፌን ልከፍት ስል ሮማነወርቅ ጉልበቴን ጫን አደረገችኝ።

«ጻፊ፣ ሞኒካ» የሚል ድምፅ ከመስኮቱ በኩል መጣ። ሲኞራ ነበሩ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲናገሩ ያን ጊዜ መጀመሪያቸው ነው። «እናቴ ወርቋን የሰጠችው ኢትዮጵያን ለመውጋት ነው። ይህቺ ልጅ ከየት እንደመጣች እኔ አውቃለሁ። በየቀኑ ያንን ቀለበት በሳሙና ስታጥብልኝ ልነግራት እፈልግና አፍር ነበር።»

ሞኒካ ተነሥታ ቀለበቱን ጣታቸው ላይ ልታደርግላቸው ሄደች። ሲኞራ ጣታቸውን ጨብጠው እጃቸውን ጉያቸው ውስጥ ከተቱ።

«ሾልኮ አልወደቀም» አሉ። «እኔ ነኝ አውልቄ የጣልኩት። አንቺ ስትጮኺ ግን ፈራሁሽ፤ ዝም አልኩ።»

ሲኞራ ያፈሩበትን ከጣታቸው አውልቀው በሮማነወርቅ አንገት ላይ አንጠልጥለውት ሰንብተዋል፤ እያወቁ። ሮማነወርቅ የምታለቅስ መስሎኝ እጇን ያዝኩት፤ እሷ ግን እጇን ከእጄ አውጥታ ወረቀቱን ወደ ሞኒካ ገፋ አደረገችው።

«እሱንም ይጻፉ» አለቻት። «ሲኞራ ብሩናም ይፈርሙበት።»

ሞኒካ እናቷን አየች፣ እኛን አየች። ከዚያ ሌላ ወረቀት ለማምጣት ወደ ውስጥ ገባች።